ሳይመሽ እንድረስ

በወሎ ሰው ሲሞት ብቻውን የሚቀር ቤት የለም። ለፋፊው ዞሮ ሳይጨርስ የቀብር ማኅበሩ፣ ቅሬው፣ ይሰበሰባል። አንዱ መቃብር ይቆፍራል፤ ሌላው ድንኳን ይተክላል፤ አንዷ ንፍሮ ትቀቅላለች፤ ሌላዋ ውሃ ትቀዳለች። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑም ለሙስሊሙ ይቆፍራል፣ ያለቅሳል፣ ያስተዛዝናል። በወልድያ ሰፈሮችም ሆነ በመርሳ ገበያ ዙሪያ፣ በሲሪንቃም ሆነ በውርጌሳና በጊራና፣ ይህን ለማድረግ ማንም አዋጅ አልጠበቀም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያወረሱን ሕግ ነው።

ይህ ጥሪ የሚነሣው ከዚሁ ውርስ ነው። ለቀብር የምንሮጠውን ሩጫ ዓይኑ ቢጫ መሆን ለጀመረው ወገናችን እንሩጥለት። ሟችን ለመሸኘት የምናዋጣውን ጉልበትና ገንዘብ ሕመምተኛን ለማቆየትም እናዋጣው። ጉበቱ የደከመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ከእኛ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሳይመሽ እንድንደርስለት።

ጉበት ዝም ብሎ የሚሠራ፣ ዝም ብሎም የሚጎዳ አካል ነው። የበላነውን ወደ ጉልበት ይለውጣል፤ መርዝ ያጣራል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ነገሮች ይሠራል፤ ለሌሊቱ የሚሆነንን ስኳር ያስቀምጥልናል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ሃያና ሠላሳ ዓመት ውስጡ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ጠባሳ ሲያለብሰው፣ ባለቤቱ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ልጅ ይድራል። ከዚያ አንድ ቀን ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ እግር ያብጣል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ደም ያስመልሳል፤ ንግግር ይምታታል። ጎረቤትም "ደህና ሰው ነበር፣ ድንገት ታመመ" ይላል። በሽታው ግን ዓመታት ሲጓዝ ቆይቶ ነው ደጃፋችን የደረሰው።

በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ጉበቱ የሚወድቅም አለ። አዲስ የያዘው የሄፓታይተስ ቫይረስ፣ ከመጠን በላይ የተወሰደ ፓራሲታሞል፣ አንዳንድ ጊዜም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ ወይም መጠኑና ባሕርዩ ያልታወቀ ሥርና ቅጠል ለዚህ ያበቃሉ። በምግብ ውስጥ ተደብቆ የሚጎዳ መርዝም አለ። ከሃያ ዓመት በፊት በትግራይ፣ በታህታይ ቆራሮ ወረዳ፣ የብዙ ቤተሰብ ሆድ እያበጠ ሰው ማለቅ ሲጀምር ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ግራ አጋብቶ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች የደረሱበት ነገር ገበሬ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ነው፤ በእርሻው መሃል የበቀለ አረም ፍሬው ከእህሉ ጋር እየተወቃ፣ መርዙ በየቀኑ እንጀራ ውስጥ ይገባ ነበር። እህላችንን ማበጠር፣ የሻገተውን ማሽላና ለውዝ ከምግብ መለየት የጉበት ጥበቃ ነው። የሻጋታው መርዝ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን ሰው ወደ ጉበት ካንሰር ይገፋዋል።

የችግሩን ስፋት እንወቀው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2022 እ.ኤ.አ. 254 ሚሊዮን ሰዎች ሥር ከሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ጋር ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት የሄፓታይተስ ቫይረሶች በጠቅላላው 1.3 ሚሊዮን ሰው ገድለዋል። በአገራችን የተሠሩትን ጥናቶች አሰባስበው የመረመሩ ባለሙያዎችም ከመቶ ሰው 7 ያህሉ ቫይረሱን በደሙ እንደሚይዝ ገምተዋል። ይህን ቁጥር ወደ ቅሬያችን እናምጣው። መቶ አባላት ያሉት ቅሬ ሲሰበሰብ ምናልባት ሰባቱ ሳያውቁት ይህን ተሸክመው ተቀምጠዋል ማለት ነው። አብረውን የሚያርሱ ናቸው፤ ልጆቻችንን የሚያስተምሩ ናቸው፤ የእኛ ናቸው።

የእኛ ከሆኑ ደግሞ የበሽታውን አካሄድ ማወቅ የሐኪም ብቻ ሥራ ሊሆን አይችልም።

ሐኪሞች የጉበት ሕመምተኛ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው ለማወቅ ከስልሳ ዓመት በላይ ደክመዋል። ቻይልድና ተርኮት የተባሉ ሐኪሞች በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጡትን መለኪያ ፒዩና ባልደረቦቹ በ1973 አሻሻሉት። አምስት ነገር ያያል፦ የዓይን ቢጫነት የሚያመጣው ቢሊሩቢን ምን ያህል እንደጨመረ፣ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ምን ያህል እንደቀነሰ፣ ደም ለመርጋት ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ ሆድ ውሃ መያዝ አለመያዙን፣ አእምሮ መደናገር አለመደናገሩን። ነጥቡ ከ5 ጀምሮ እስከ 15 ይሄዳል፤ ሕመምተኛውንም በሦስት ደረጃ ይመድባል። ቆይቶ ደግሞ በአሜሪካ ሜዮ ክሊኒክ "ሜልድ" የተባለው ስሌት መጣ። ቢሊሩቢንን፣ የደም መርጋትንና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን ክሬአቲኒን አንድ ላይ አስልቶ ከ6 እስከ 40 ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ከ9 በታች ሲሆን በሦስት ወር ውስጥ የሚሞተው ከመቶ 2 ያህል ነው፤ 40 ሲደርስ ግን ከመቶ ከ70 በላይ ይሆናል። አሜሪካኖች ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለገስ ጉበት ለማን ይቅደም የሚለውን የወሰኑት በዚህ ቁጥርና በኋላ በተሻሻሉት ስሌቶቹ ነው።

እኛ ዘንድ ቁጥሩ ሌላ አገልግሎት አለው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የጉበት ንቅለ ተከላ ግን ለአብዛኛው ወገናችን ባሕር ማዶና የማይደረስበት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ትንበያው ለእኛ የሚነግረን ማን ዛሬውኑ አምቡላንስ እንደሚያስፈልገው፣ ማን በወልድያ መታከም እንደሚችል፣ ማን ደሴ ወይም አዲስ አበባ መላክ እንዳለበት ነው። የጊራና ገበሬ በደጋው ላይ ደመና ሲጠቁር ባየ ጊዜ ቆላው ገና ደረቅ ሳለ ከብቱን ከወንዙ ያወጣል፤ ደራሽ ውሃው የሚመጣው በኋላ ነው። የጉበት ትንበያ ይህን ያህል ጥቅም አለው፤ ጥቅም የሚሰጠውም ከብቱን የሚያወጣ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ከራሳችን አገር የተገኘ ማስረጃ ይህን ያጸናዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ተጀመረ። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። መጀመሪያ ከተመዘገቡት 1303 ሰዎች መካከል 328ቱ መድኃኒት ጀመሩ። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ሲታይ ሞትን ከሁሉ በላይ የተነበየው ሕመምተኛው ሲመጣ ጉበቱ የነበረበት ደረጃ ነው። ሆዳቸው ውሃ ይዞ፣ ሰውነታቸው ከስቶ የመጡት ያንኑ መድኃኒት ቢወስዱም ሞት በእነሱ ላይ በረታ። ቀድመው የመጡት ግን በአብዛኛው ቆዩ። መድኃኒቱ አንድ ነበረ፤ የለያያቸው የደረሱበት ሰዓት ነው።

ሳይመሽ እንድረስ የምንለው ለዚህ ነው። ሳይመሽ መድረስ ደግሞ ቤት ውስጥ ይጀምራል። ሜልድን ለማስላት ሦስት የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ በቤት የሚታየውን ለማየት ግን የእናት ዓይን ይበቃል። ሌሊት ነቅቶ ቀን የሚተኛ፣ የልጁን ስም የሚሳሳት፣ ዕለቱን ሲጠየቅ የሚደናገር፣ እጁን ዘርግቶ ቀጥ አድርጎ መያዝ የሚያቅተው፣ ሽንቱ እየቀነሰ የሚሄድ፣ ሆዱ ውሃ ይዞ የሚያተኩሰው፣ ጥቁርና የሚያጣብቅ ሰገራ የሚወጣው፣ ደም የሚያስመልስ ሰው ነገን አይጠብቅም። እህት ይህን ካየች ወንድሟን ትቀስቅስ። ወንድም ይህን ከሰማ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ይጥራ። ጎረቤት ይህን ካወቀ ቃሬዛውን ያንሣ። በእነዚህ ሕመምተኞች ዘንድ የአንድ ሌሊት መዘግየት ከባድ ዋጋ አለው።

በሆስፒታል የሚጠብቃቸው ሕክምናም አለ፤ "ጉበት ከተያዘ አለቀ" የሚለውን ተስፋ መቁረጥ ከመካከላችን እናውጣ። ሆዱ የቋጠረው ውሃ በመርፌ ጥቂት ተቀድቶ ሲመረመር ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩ ይታወቃል፤ ካለ አንቲባዮቲክ በጊዜው ሕይወት ያድናል። የሚደናገረው ሰው ላክቱሎስ በሚባል ሽሮፕ ሆዱ ሲጸዳለት ብዙ ጊዜ ወደ ልቡ ይመለሳል። ደም የሚያስመልሰው ደም ይሰጠዋል፤ የሚደማው የደም ሥር በኢንዶስኮፒ ይታሰራል። ስኳሩ እየተለካ ይጠበቅለታል። ውሃው በሽንት መድኃኒትና ጨው በመቀነስ ይጎድላል። ፓራሲታሞል በብዛት የወሰደ ሰው ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ ግን በሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት። ሥሩ ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ በቀን አንዴ የሚዋጥ ቴኖፎቪር ቫይረሱን ያስቆመዋል። ቴኖፎቪር ለኤች አይ ቪ የምንጠቀምበት መድኃኒት ውስጥ ያለ ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ሕክምና ለወገኖቻችን ሕይወት የሰጠው መንገድ ለጉበትም ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ሥሩ ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ ደግሞ በሚዋጥ ክኒን በ12 ሳምንት ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሐኪም እንዳለ ሁሉ፣ ይህ ሁሉ የሚከሽፍበት ምክንያትም አለ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መንገዱ ላይ ነው።

በመንገዱ ላይ ያለውን እንናገር። በየቀዬው ዓይን ቢጫ ለሚያደርገው ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚበጠበጥ ሥርና ቅጠል ብዙ ነው። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል የሚለው ፍርሃትም ሰውን ከጤና ጣቢያ ደጃፍ ይመልሳል። የባህል ሐኪሞቻችን ሰውን ለመርዳት የሚተጉ ወገኖቻችን ናቸው፤ ስለዚህ እንደ ወገን እንነጋገራቸው። በውሃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኤ በአብዛኛው ሰው ላይ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሰጣል። ያው ቅጠል ጉበቱ ጠባሳ ለለበሰ ሰው ሲሰጥ የተረፈውን ጉበት ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ እንለምናቸዋለን፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲመጣባችሁ ከምንም በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ የሰጣችሁት ነገር ካለም ስሙን ንገሩት፤ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ወደ ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ። ክኒኑን ግን አይተው። ይህን በኤች አይ ቪ ዘመን ተምረነዋል።

በዋግምቱ፣ በግርዘቱ፣ እንጥል በማስቆረጡ፣ በንቅሳቱና በፀጉር ቤቱ ምላጭ ላይም ቃል እንግባ። አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው ብቻ። ሄፓታይተስ ቢ ከደም ጋር ይሄዳል፤ ከደም ወደ ደም የሚያደርሰውን መንገድ እኛው እንቁረጠው። አብሮ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመሳሳም ሰላምታ ግን አይተላለፍም። ስለዚህ ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ከማዕድ ማራቅ በደል ነው፤ ይህን በደል በቅሬያችን ውስጥ አንፍቀድ። በውሃ የሚመጡት ኤ እና ኢ ደግሞ በንጹሕ ውሃና በመጸዳጃ ቤት ይመከታሉ። ሄፓታይተስ ኢ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ያለችን እናት በብርቱ ይጎዳል። በሀብሩ ወረዳ ጃራ መጠለያ ውስጥ ያሉ ተፈናቃይ እህቶቻችንን ስናስብ የውሃ ቦቴና የመጸዳጃ ጉድጓድ የጉበት ሕክምና መሆናቸውን አንርሳ። እንግዳ ተቀብሎ ያስቀመጠ ሕዝብ ለእንግዳው ውሃውን ያነጻል።

በወገናችን ትከሻ ላይ የወደቀውን ሌላ ሸክምም እናስታውስ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ውስጥ ስታልፍ ሆስፒታሏ ተዘርፏል፤ የጤና ጣቢያዎቻችን ዕቃም ወድሟል። ላብራቶሪ የሌለው ሆስፒታል ቢሊሩቢን አይለካም፤ ቢሊሩቢን ያልለካ ሐኪም ትንበያውን በግምት ይሠራል። የጤና ባለሙያዎቻችን በዚያ ሁሉ መካከል ሥራ ጀምረው ቆመዋል፤ ክብር ይገባቸዋል። ዛሬም መንገድ በሚዘጋበት፣ ሰው ከቤቱ መውጣት በሚፈራበት ቀን ሕመም አይዘጋም። መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ይህን አንድ ነገር እንዲሰማን እንማጸናለን፦ አምቡላንስ ይለፍ። ውስጡ ያለው ሰው የሁላችን ነው። ሽማግሌዎቻችን፣ አባጋሮቻችን፣ ቀሳውስታችንና ሸሆቻችን ይህን ቃል በየደረሱበት ያሰሙልን።

ከሁሉ የቀደመው መድረስ ግን በመወለድ ሰዓት ነው። ከእናቱ ቫይረሱን የወረሰ ሕፃን ከመቶ 90 ያህሉ ሥር የሰደደ ሕመም ይዞ ያድጋል፤ አዋቂ ሆኖ የሚያዝ ግን ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲከተብ ይመክራል። አገራችን አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለውን ክትባት በ1999 ዓ.ም. ጀምራ ሄፓታይተስ ቢንም አካታበታለች፤ የሚሰጠው ግን ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። ከዚያ ዓመት በፊት የተወለድን በሙሉ ይህን መከላከያ በሕፃንነታችን አላገኘንም። በየቤቱ ያለው አዋቂ መመርመር ያለበት ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡሮች ሁሉ በመጀመሪያው ክትትል ይመርመሩ፤ ቫይረሱ የተገኘባት እናት ደግሞ በጤና ተቋም ትውለድ፣ የሚያስፈልጋትን መድኃኒት ታግኝ፣ ሕፃኗም በተወለደበት ዕለት እንዲከተብ ቤተሰቡ ሁሉ አብሯት ይጠይቅ። አማቷም፣ ባሏም፣ የቅሬው ሴቶችም ከጎኗ ይቁሙ። እናት ብቻዋን መጠየቅ የለባትም።

ይቻላልን? ግብፅን እንይ። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለቢልሃርዚያ ሲባል በተደጋጋሚ በዋለ መርፌ የተወጉ ብዙ ሰዎች ሄፓታይተስ ሲ ይዟቸው፣ አገሪቱ በዓለም ከፍተኛ ሸክም ካለባቸው አንዷ ሆና ነበር። በ2018 እና 2019 መንግሥትና ሕዝብ ተነሥተው በጥቂት ወራት ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረመሩ፤ የተገኘበትን አከሙ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሥራቸው ዕውቅና ሰጣቸው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ምሳሌም አለ፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ጎረቤታችን ተሁለደሬ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። በአንድ ሰው መታመም ሁላችን ማዋጣት የጀመርነው እዚሁ አካባቢያችን ነው። መዋጮውን ሳናቋርጥ እንክፈል፤ መድን ያልገባውን ጎረቤት እናስገባ፤ መክፈል የማይችለውን ቅሬው ይክፈልለት።

የጤና ባለሙያዎቻችን ሆይ፣ ከእናንተ የምንፈልገው ከምታደርጉት በላይ መሆኑን እያወቅን እንጠይቃለን። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ አብጦ የሚመጣ ሕመምተኛ ካርድ ላይ የደረጃው ነጥብ ይጻፍ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲላክ ነጥቡም አብሮት ይሂድ፤ ተቀባዩ ሐኪም ትናንት የት እንደነበረ ካላወቀ ዛሬ መድከሙን ወይም መሻሉን አያውቅም። ለቤተሰቡ እውነቱን በፍቅር ንገሩት። ትንበያው ተስፋ በማይሰጥበት ጊዜ ደግሞ ሥራችሁ አላለቀም፤ የሆዱን ውሃ መቅዳት፣ ማሳከኩን ማስታገስ፣ ሕመሙን ማቅለል፣ ሰውየው በልጆቹ መካከል በክብር እንዲሆን ማድረግ ሕክምና ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የዚህን አካባቢ ሕመምተኞች ታሪክ ይመዝግብልን። የትኛው መለኪያ ለእኛ ሰው እንደሚሠራ፣ ጫት በብዛት መቃም ምን ያህል ድርሻ እንዳለው (በሐረር አካባቢ የተሠራ ጥናት ከሥር ሰደድ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል)፣ የትኛው ቅጠል ጉዳት እንዳለው ከሀብሩና ከወልድያ ሕመምተኞች መማር አለብን፤ ይህን የሚሠሩት የእኛው ልጆች ናቸው።

ቤት ያለነው ደግሞ ሐኪም የሚያዝዘውን እንወቅ። ጉበቱ የደከመ ሰው ዳይክሎፌናክና መሰሎቹን ማስታገሻዎች አይውሰድ። አረቄም ጠላም ይቅርበት። ጨው ይቀንስ እንጂ ምግብ አይከልከል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት ያስፈልጉታል፤ ማታ ከመተኛቱ በፊት ትንሽ መብላቱም ይጠቅመዋል። ሕመምተኛን ከጾም ሁለቱም ሃይማኖቶቻችን ያሳርፉታል፤ የንስሐ አባቱና ሸሁ ራሳቸው መጥተው "ብላ" ይበሉት። የእነሱ አንድ ቃል ከሐኪሙ አሥር ምክር ይበልጥ የሚሰማበት ቤት ብዙ ነው።

ደም እንስጥ። የጉበት ሕመምተኛ ደም ሲያስመልስ ከዘመድ በፊት የሚደርስለት የተቀመጠ ደም ነው። የተለገሰ ደም ለሄፓታይተስ ቢና ሲ ስለሚመረመር፣ የሚሰጠው ወጣትም የራሱን ሁኔታ ያውቃል። በአንድ ቀን ሁለት መልካም ነገር ተሠራ ማለት ነው። የትምህርት ቤት ክበቦቻችን፣ የስፖርት ቡድኖቻችን፣ የሰንበቴና የጀመዓ ማኅበሮቻችን በየተራ ወር ይያዙ።

በውጭ ያላችሁ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ልጆች፣ ለቀብርና ለሠርግ የምትልኩትን እናውቃለን፤ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። አሁን ደግሞ የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል እንዳይቋረጥ ላኩልን። ትልቅ ማሽን ልኮ ኬሚካሉ ሲያልቅ ዝም ማለት ይብቃ። ስትልኩም አስቀድማችሁ ሆስፒታሉን ምን ጎደለህ ብላችሁ ጠይቁ። ዘመዳችሁንም በስልክ "ተመርምረሃል?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ይህ ምንም አያስወጣም።

የሥራው መጀመሪያ እነሆ። በመጪው የቅሬ ስብሰባ፣ የወሩ መዋጮ ከተቆጠረ በኋላ፣ ዳኛው አንድ ጉዳይ ያንሣ፤ ለጉበት ምርመራ ቀን ይቆረጥ። ጸሐፊው ከሟች መዝገብ ጎን ሌላ መዝገብ ይክፈት፤ የነፍሰ ጡሮች፣ የጤና መድን ያላሳደሱ፣ ሌሊት ሰው ቢታመም መኪና ያለው የማን ቤት እንደሆነ፣ ቃሬዛ የሚሸከሙ አራት ጎልማሶች ስምና ስልክ ይጻፍበት። ሁለት ሰው ተመርጦ ወደ ጤና ጣቢያው ይሂድና መመርመሪያው ካለ ቀን ያስይዝ፣ ከሌለም መቼ እንደሚመጣ ጠይቆ መልሱን ለቅሬው ያቅርብ። የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሐምሌ 21 ነው። ከዚያ ዕለት በፊት እያንዳንዱ ቅሬ ቢያንስ ነፍሰ ጡሮቹንና ባሎቻቸውን አስመርምሮ ይገናኝ፤ ወልድያ ከመርሳ፣ መርሳ ከሲሪንቃ፣ ሲሪንቃ ከውርጌሳ ምን ያህል እንደሠራ ይጠያየቅ፤ ያልተሳካለትም የጎደለውን ይናገርና የተሳካለት ይድረስለት።